«አደረ» ማለት ምን ማለት ነው? ተኛ፣ ኖረ ወይስ አገለገለ?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤቶች። በማታው ክፍል የመጽሐፍ ቅዱስ ነገረ መለኮት እየተማርኩ ነው። አንድ ጭብጥ ይዘን ከኦሪት እስከ ራእይ እንከተላለን። አሁን የደረሰን «የእግዚአብሔር ማደሪያ» ነው፤ ሐሙስ ለቤት ጥናት ቡድናችን የማካፍለውም እኔ ነኝ። የተቸገርኩት ዮሐንስ 1፥14 ላይ ነው። የ1954ቱ ትርጉም ቃል ሥጋ ሆኖ «በእኛ አደረ» ይላል። ለእኔ ግን «አደረ» ማለት አክስቴ ቤት መሸብኝና አደርኩ ነው። አንድ ሌሊት፣ በቃ። «ኖረ» ቢባል አይሻልም ነበር?

የግእዝ ተማሪ፦
ኧረ አይሻልም! ግእዙ «ወኀደረ ላዕሌነ» ነው። ኀደረ መኖርም መስፈርም ነው። ማኅደር የወጣው ከእሱ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ማደሪያ፣ መኖሪያ። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ቤትም ማኅደር ይባላል። (ቢሮ ሄደህ «ማኅደርህ ጠፍቷል» ከተባልክ በግእዙ ቤት አልባ ሆነሃል ማለት ነው።)

ግሪኩ ደግሞ ይብሳል። ቃሉ «ኤስኬኖሰን» ነው፤ «ስኬኔ» ድንኳን ነውና፣ ቃል በቃል «ድንኳኑን ተከለ» እንደ ማለት። ዮሐንስ አንባቢውን ይዞ ሲና በረሃ ነው የሚገባው፤ ዘጸአት 25፥8 ላይ እግዚአብሔር በመካከላቸው እንዲያድር መቅደስ ሥሩልኝ ወዳለበት። ራእይ 21፥3 ላይም ድንኳኑ በሰዎች መካከል ነው፣ ከእነሱም ጋር ያድራል። 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9ን ደግሞ እይልኝ፤ የክርስቶስ ኃይል «ያድርብኝ ዘንድ» የሚለው ጳውሎስ የተጠቀመበት ቃል ውስጥም ድንኳኑ አለ። «ኖረ» ካልክ ይህ ሁሉ ክር ይበጠስብሃል።

ከእስራኤል፦
ዕብራይስጡን ልጨምር። ማደር «ሻካን»፣ የሙሴ ማደሪያ «ሚሽካን» ነው። እዚህ ጎረቤት ደግሞ «ሻኬን» ይባላል፣ ሰፈር «ሽኹና»። ሥራቸው አንድ ነው። የክኔሴት፣ የፓርላማችን፣ ሕንፃ ራሱ «ሚሽካን» ነው የሚባለው፤ እዚያ ውስጥ ያለውን ጭቅጭቅ ስሰማ ግን የሙሴን ማደሪያ የሸፈነው የክብር ደመና ትዝ አይለኝም።

መሪጌታ፦
ልጆቼ፣ አንድ ጥንቃቄ። «አደረ»ን ብቻዋን ነጥላችሁ አትሩጡ። በነቢያትም መንፈስ አድሯል። ርኩስ መንፈስም፣ በሽታም፣ ቂምም «አደረበት» ይባላል። ቃል ሥጋ መሆኑን እንዲህ ካሰባችሁት ኅድረት ይሆናል፤ ቃል ሰው አልሆነም፣ በሰው ላይ አደረ እንጂ የሚለው፣ አባቶቻችን የንስጥሮስ ኑፋቄ ብለው የለዩት። ለዚህ ነው «ሥጋ ኮነ» የቀደመው። መጀመሪያ ሆነ፣ ከዚያ አደረ። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ የኔታ። ይሄ ክፍል ውስጥ አልተነሣም ነበር። እንግዲህ ትልቁ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ወደ አገልግሎት እንዴት ነው የማመጣው? መምህራችን «ጭብጡን ካገኘህ በኋላ ለሕዝቡ ምን ማለት እንደሆነ ተናገር» ይለናል። እኔ ጋ ሲደርስ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሪጌታ፦
ቃሉ እኮ ነግሮሃል። በድሮው አማርኛ ለጌታው አደረ ማለት አገለገለ፣ ታዛዥ ሆነ ማለት ነው። ዛሬም ለገንዘብ ያደረ፣ ሆድ አደር ትላላችሁ። ሮሜ 16፥18 ለገዛ ሆዳቸው ስለሚገዙት ይናገራል። ሆድ አደር ለእነሱ የተሰፋ ልብስ ነው። እንግዲህ አገልጋይ ሲባል «ለማን ያደረ?» ብለህ ጠይቅ።

የእድር ጸሐፊ፦
እኔ ነገረ መለኮት አልተማርኩም፣ ድንኳን ግን አውቃለሁ። ጣውላውንና ወንበሩን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ሰፈራችን «ድንኳን ተጥሏል» ከተባለ፣ ሠርግ ካልሆነ ሰው ሞቷል። ታዲያ ለቅሶ የሚደርስ አለ፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር አለ። የደረሰው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ፣ ንፍሮ ቀምሶ፣ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ያደረው ፍራሹ ላይ ከሐዘንተኛዋ ጎን ይጋደማል፤ ሌሊት ስትነቃና ስታለቅስ የሚሰማት እሱ ነው። ብዙዎቹ አገልጋዮቻችን ይደርሳሉ። ጸሎታቸውም ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ይደርሳሉ።

ዮሐንስ «ደረሰ» አላለም አይደል?

የግእዝ ተማሪ፦
እሰይ! ይሄን ከየትኛውም ማብራሪያ መጽሐፍ አላገኘሁትም።

2ኛ ሳሙኤል 7ንም ጨምርበት። ዳዊት ቤት ልሥራልህ ሲል፣ እግዚአብሔር እስካሁን በድንኳን ከሕዝቡ ጋር ሲሄድ እንደኖረ ይመልስለታል። ሕዝቡ በድንኳን እያለ እሱም በድንኳን።

ከእስራኤል፦
ስለዚህ ማደር መኖር ብቻ ሳይሆን እነሱ በሚኖሩበት ዓይነት ቤት መኖር ነው። ሻኬን።

ጠያቂ፦
ስድስት ገጽ ጽፌ ነበር። አራቱን አወጣሁ። ከቡድናችን አንዷ እህት እናቷን ከቀበረች ሳምንት አልሞላትም፤ ሁላችንም አንድ ቀን ደርሰን ተመልሰናል። አሁን ለቡድኑ «የሐሙሱን ጥናት እሷ ቤት እናድርገው፣ የምትችሉ እደሩ» ብዬ ላክሁ። እስካሁን ሦስት ሰው እሺ ብሏል።

የእድር ጸሐፊ፦
ጋቢ ያዙ። ሌሊቱ ይበርዳል።