ከቦሌ ላሊበላ 332 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ቲኬቱ ለምን አንድ ሰዓት ይላል?

ጥያቄ (ከሰበታ)
ጤና ይስጥልኝ። እናቴን ለገና ወደ ላሊበላ ልወስዳቸው አስቤአለሁ። ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ከቦሌ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ 332 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነና በረራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም እንደማይበልጥ ይነግረኛል፤ ቲኬቱ ላይ ያለው ግን አንድ ሰዓት ነው። በመኪና የሄዱ ሰዎች ደግሞ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይላሉ። የትኛውን ልያዝ? መነሻው 07:00 ስለሚል፣ ከቤት በስንት ሰዓት ብንወጣ ይሻላል?

ምላሽ (ከቡራዩ)
ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። 332 ኪሎ ሜትር በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥታ መስመር ሲሆን፣ መኪናው በደሴና በወልድያ በኩል ተራራውን እየዞረ ስለሚሄድ ርቀቱ እጥፍ ይሆንበታል። ድረ ገጹ ርቀቱን ለአውሮፕላን የጉዞ ፍጥነት ብቻ ያካፍላል፤ በአገር ውስጥ መስመሮች የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ስሌቱ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይሰጣል። አውሮፕላኑ ግን ከመነሻ እስከ ማረፊያ በዚያ ፍጥነት አይበርም። ቲኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ስለሆነ፣ ወደ ማኮብኮቢያው የሚሄድበት፣ ተራ የሚጠብቅበት፣ ከፍታ የሚይዝበትና ለማረፍ ፍጥነቱን እየቀነሰ የሚወርድበት ጊዜ ሁሉ ይካተታል። በረራው አጭር ሲሆን እነዚህ ደቂቃዎች ጎልተው ይታያሉ፤ የቲኬቱን ይያዙ።

ምላሽ (ከለገጣፎ)
ከርቀቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ቲኬት ላይ 07:00 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም፤ በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጠው ዘመድ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚመከር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቦሌ መገኘት ይኖርብዎታል። ፍተሻው ገና ተርሚናሉ በር ላይ ስለሚጀምር፣ እናትዎ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ይህን ጊዜ ባያሳጥሩት እመርጣለሁ። በሌሊት ከሰበታ ቦሌ መንገዱ ክፍት ነው፤ ቢሆንም 10 ሰዓት ሳይሞላ ውጡ፤ ኮንትራት መኪናም ከዋዜማው አነጋግረው ይደሩ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሰዓቱን በእርግጥ ለከሰዓት ይዤው ነበር። ባሕር ዳር ቀረብ ስለሚል እዚያ ወርደን በመኪና ብንቀጥልስ?

ምላሽ (ከቡራዩ)
በአየር አይቀርብም፤ ከቦሌ ባሕር ዳርም 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ የሚመስለን መንገዱን ስለለመድነው ይሆናል። ከዚያ ላሊበላ ለመድረስ ደግሞ ረጅም የመኪና ጉዞ ይጠብቃችኋል፤ ለእናትዎ አልመክረውም። ይልቅ ሁለት ነገር ያጣሩ፦ በረራው ቀጥታ መሆኑን፣ አንዳንዴ በመንገድ ሌላ ከተማ ላይ የሚያርፍ አለና፤ ሁለተኛም ከላሊበላ ማረፊያ የሚወስዳችሁ መኪና መኖሩን፣ ምክንያቱም ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ በገና ሰሞንም መኪና ይወደዳል።