«ባዶ ደሴት»? የኬፕ ቨርዴ ነገር

የፒያሳው፦ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አንዱ ተንታኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኬፕ ቨርዴ ለዓለም ዋንጫ ማለፏ የአፍሪካ ድል አይባልም፤ ፖርቱጋሎች ባዶ ደሴት ላይ የፈጠሯት አገር ናት።» ካሜሩንን አስከትላ ከምድቧ አንደኛ የወጣች አገር እኮ ናት! ሰዉ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

ጥቁር ቡና፦ ሰውዬው ምን ዋሸ? ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርሱ ነፍስ አልነበረም። ባዶ ነው የነበረው።

ሰላም ዘቦስተን፦ ባዶ መሆኑን ማን ካደ? ማን ሞላው ነው ጥያቄው። ሪቤራ ግራንዴ በ1462 ተቆረቆረች፣ አሁን ሲዳዴ ቬልያ የሚሏት። ባሪያ ታስሮ የሚገረፍበት የድንጋይ ምሰሶ እስከ ዛሬ አደባባዩ ላይ ቆሟል። ጥጡን የለቀመውም የሸመነውም ከጊኒ ዳርቻ በሰንሰለት የመጣ ሰው ነው። እሱ በሸመነው ጨርቅ ደግሞ ሌላ ባሪያ ይገዙበት ነበር። «ፖርቱጋል ፈጠረቻት» ማለት ይሄን ሁሉ መዝለል ነው።

ጥቁር ቡና፦ እሺ፣ እነሱስ ራሳቸውን ምን ይላሉ? በ1992 አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ባንዲራ አውርደው ሰማያዊ ሰቀሉ፣ ኮከቦች በክብ የተደረደሩበት። የአውሮፓ ኅብረትን ቁርጥ! እኛ እዚህ «ወንድሞቻችን» እንላለን፣ እነሱ ዓይናቸው ሊዝበን ላይ ነው።

የፒያሳው፦ 1992 በኛ ነው በፈረንጅ?

ጥቁር ቡና፦ በፈረንጅ። አታስቀይስ።

ጋሼ ታሪኩ፦ ልጆች፣ ኮከቦቹ 10 ናቸው፤ 10 ደሴት ስላላቸው ነው። የድሮው ባንዲራ የነፃነት ታጋዩ የአሚልካር ካብራል ፓርቲ ነበር፤ ከጊኒ ቢሳው ጋር አብረው ፖርቱጋልን የታገሉበት። በ1980 ቢሳው ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሆነና ሁለቱ አንድ አገር የመሆናቸው ሐሳብ ፈረሰ። በ1991 ገዢው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ፣ ባንዲራውም ተከትሎት ሄደ። የባንዲራ ጣጣ ለእኛ ይነገራል?

ጥቁር ቡና፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ለምን ፈረሰ? ፖርቱጋሎች ኬፕ ቨርዴዎችን ጊኒ ቢሳው ላይ ጸሐፊና ሹም አድርገው ስላስቀመጧቸው አይደል? ቂሙ የመጣው ከዚያ ነው። ካብራልም ቢሆን ቢሳው ነው የተወለደው።

ጋሼ ታሪኩ፦ እዚያው ጊኒ ቢሳው፣ ባፋታ ከተማ ይወለድ እንጂ ወላጆቹ የኬፕ ቨርዴ ሰዎች ናቸው፤ እዚያው ኬፕ ቨርዴ፣ ሚንዴሎ ከተማ ተምሯል። በ1973 ኮናክሪ ላይ ተገደለ፤ የ1975ቱን ነፃነት አላየም። አንተ ደግሞ የትውልድ ቦታውን ይዘህ ትከራከራለህ!

ኳስ ብቻ፦ በ2022 አፍሪካ ዋንጫ 1 ለ 0 ሲያሸንፉን አውሮፓውያን ናቸው ያለ አልነበረም። በጊዜ በ10 ሰው ባንቀር ደግሞ...

የፒያሳው፦ ያንን አታንሳብን ባክህ።

ሰላም ዘቦስተን፦ እዚህ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የኬፕ ቨርዴ ልጅ አለች። ምሳዋ ካቹፓ ነው፤ በቆሎና ባቄላ አንድ ላይ የተቀቀለ። «ይሄማ የኛ ንፍሮ ነው» ብዬ ሳቅኩ። እናቷ ስትደውል ፖርቱጋልኛ አትሰማም፣ በአገራቸው ቋንቋ በክሪዮሎ ነው የሚጨቃጨቁት። ቅጽ ላይ ዘር ሲጠይቋት ግን «ሌላ» የሚለውን መርጣ «ኬፕ ቨርዴ» ብላ ትጽፋለች።

ጥቁር ቡና፦ «ሌላ»! አፍሪካዊ አላለችማ! ራስሽ መሰከርሽ።

ሰላም ዘቦስተን፦ ፖርቱጋላዊስ አለች? እኔስ እዚያው ቅጽ ላይ «ኢትዮጵያዊ» ብዬ እጽፍ የለ? ከአፍሪካ ወጣሁ ማለት ነው?

ጥቁር ቡና፦ አንቺ ሌላ፣ እነሱ ሌላ።

የፒያሳው፦ ወንድሜ፣ «ባዶ» ያልከውን ቃል አሁንም አላነሳህም።

ጥቁር ቡና፦ ቃሉ የኔ አይደለም፣ የሬዲዮው ሰውዬ ነው።

የፒያሳው፦ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ጠበቃ ቆመህለት የዋልከው በስንት ብር ነው?