የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት፦ ቀለም ድሮዊንግ ውስጥ ምን ይሰራል?

አስተባባሪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ የማህበራችን ልጆች። እንደተነጋገርነው የዘንድሮው የጋራ ኤግዚቢሽን በባለቀለም ድሮዊንግ ላይ ነው፣ ፕሮፖዛሉን አንቺ ጀምሪው ተብዬ ጀምሬዋለሁ፣ እናንተ ደግሞ እንደልማዳችሁ ቀዳዱት። መግቢያው ለጊዜው እንዲህ ይላል፦

«ቀለም የስሜት ቋንቋ ነው። በዚህ ኤግዚቢሽን አባላቶቻችን በወረቀት ላይ በልዩ ልዩ ቀለማት የሰሯቸውን ዘመናዊ ስራዎች ለህዝብ ያቀርባሉ።»

ከዛ ምን አይነት ስራ እንደምንቀበል፣ ስለ ወረቀትና ፍሬም፣ ስለ ወርክሾፑ ይቀጥላል። በጀቱን ገንዘብ ያዣችን ስለያዘው እዚህ አናንሳው በናታችሁ፣ እሱ ከተነሳ እስከ ፋሲካም አንጨርስ።

ከሰል ብቻ፦
እህቴ አትቀየሚኝና «የስሜት ቋንቋ» የሚለውን ዛሬውኑ አውጪው። እዚህ ከተማ ይሄ አረፍተ ነገር የሌለበት የኤግዚቢሽን ወረቀት አይቼ አላውቅም፣ ስፖንሰር የሚሆነውም ሰውዬ እዛጋ ሲደርስ ነው ስልኩን የሚያነሳው። ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ድሮዊንግ መስመር ነው፣ ቀለም ሞልተህ ካለበስከው ከቅብ በምን ተለየ? ወረቀት ላይ ስለተሰራ ብቻ? ከለር እርሳስ የያዘ ሁሉ የቀባውን አምጥቶ ሊሰቅል ከሆነ እኔ የለሁበትም። ፈረንሳይ አካዳሚ ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሰአሊው ፑሳን ወገኖች መስመር ይቀድማል፣ የሰአሊው ሩበንስ ወገኖች የለም ቀለም ነው እየተባባሉ ስንት ተነታርከዋል፣ እኔ ያኔ ብኖር የፑሳን ሰው ነበርኩ፣ ዛሬም ነኝ።

ፓስቴሏ፦
አንተ ከፑሳን ጋር ከሆንክ እኔ ከፖርቱጋላዊቷ ሰአሊ ከፓውላ ሬጎ ጋር ነኝ ወንድሜ። ሴትየዋ ስንት አመት በብሩሽ ሰርታ ሰርታ 1990ዎቹ ውስጥ (እ.ኤ.አ. ነው) ፓስቴል (እንደ ጠመኔ ያለ ደረቅ ቀለም) ያዘች፣ በ1994 የሰራቻቸውን እንደ ውሻ በአራት እግር የሆኑ ሴቶች ፈልገህ እያቸው። እዛ ላይ መስመሩ የቱ ነው ቀለሙ የቱ ነው ብለህ ለይልኝ። አትችልም፣ ምክንያቱም ፓስቴል በጫፉ ስትይዘው መስመር ነው በጎኑ ስታስተኛው ሜዳ ነው፣ እጅህ ሳይነሳ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል።

ከራሴ ልንገርህ። አሁን የተቀመጠች ሴት እየሰራሁ ነው፣ የጉልበቷን ጥላ በጥቁር ሞከርኩት፣ ጉልበት መሆኑ ቀርቶ የተቃጠለ እንጨት ሆነ። አራግፌ ደፈን ያለ አረንጓዴ ከስር አደረግኩበትና ቡናማውን ከላይ በሰያፍ በሰያፍ መስመር አሳለፍኩበት፣ በመስመሮቹ መሀል አረንጓዴው ብቅ ሲል ቆዳው ደም ያለው መሰለ። ሁሉም መስመር ነው እኮ፣ አንድም ቦታ በጣት አላሸሁትም። ታዲያ ይሄ ድሮዊንግ ካልሆነ ምንድነው?

ከሰል ብቻ፦
እሺ የጉልበቱን ተቀብያለሁ :) ግን መስፈርት ያስፈልገናል፣ «ጥሩ ቀለም ያለው» ብለን ልንመርጥ አንችልም። እኔ የማቀርበው ቀላል ነው፦ ስራውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ምንም ካልጎደለበት ቀለሙ ስራ ፈት ነበር ማለት ነው፣ አንቀበለውም። ከፈረሰ ወይ ከደነዘዘ ቀለሙ ስራ ነበረው፣ ይግባ።

ከባህር ማዶ፦
ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ፣ በሰአት ልዩነት ዘግይቼ ነው የገባሁት። የፎቶው ሀሳብ ተመችቶኛል፣ በተለይ ጁሊ ምሕረቱ ላይ ብትሞክሩት ጥሩ አድርጎ ይሰራል። አዲስ አበባ በ1970 (በፈረንጅ) የተወለደችው፣ ታውቋታላችሁ። በ2004 የሰራችው «ስታዲያ 2» የሚባለው ትልቅ ስራ ፒትስበርግ ካርኔጊ ሙዚየም ነው ያለው፣ በኢንክና በአክሪሊክ የተሰራ፣ ሙዚየሙ ቅብ ቢለውም ተሸካሚው መስመር ነው። ከስር የስታዲየም ቅስቶች ስስ በሆነ ጥቁር መስመር ዙሪያውን ይከቡታል፣ ከላይ ደግሞ ባንዲራ የሚመስሉ ባለቀለም ቅርጾች ተንጠልጥለዋል፣ ተበታትነዋል። ያን ግራጫ ስታደርጉት ቀዩም አረንጓዴውም እኩል ግራጫ ይሆኑና ማን ለማን እንደሚጮህ የማይታወቅ ህዝብ ይሆናል። ባንዲራነቱ የሚጠፋው ከቀለሙ ጋር ነው፣ መስመሩ ብቻውን ያንን ሊናገር አይችልም።

ግን ደግሞ መስፈርቱን የሚያፈርስም አለኝ። ቶዪን ኦጂህ ኦዱቶላን እዩ፣ ናይጄሪያ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት፣ መጀመሪያ የታወቀችው የሰውን ቆዳ በጥቁር እስክሪፕቶ እየሰራች ነው። መስመር በመስመር ላይ ትደራርባለች፣ ቀለሙ ሲወፍር እንደ ብረት ያብለጨልጫል፣ ፊቱ ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ወረቀቱ ነጭ ስለተተወ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩ ራሱ ስለሚያበራ ነው። ያንን ፎቶ አንስተህ ጥቁርና ነጭ ብታደርገው ወንድሜ ምንም አይለወጥም፣ በአንተ ህግ «ቀለሙ ስራ ፈት ነው» ተብላ ልትባረር ነው። እሷ ጋር ግን ስራው በሙሉ ስለ ቀለም ነው፣ ያውም ስለ አንድ ቀለም።

ከሰል ብቻ፦
አይ እንግዲህ፣ አሪፍ ነጥብ ናት። ላስብበት።

የብራና ልጅ፦
እኔ ደግሞ ስለ ሀገር ቤት ላንሳ። ድሮዊንግ ውስጥ ቀለም ስራ ይኑረው ካላችሁ ከብራና የበለጠ ማስረጃ ከየት ታመጣላችሁ? ጸሐፊው ሁለት ቀለም ነው ያለው፣ ጥቁርና ቀይ። ጥቁሩ ከጥላሸት የሚሰራው ለሁሉም ነው፣ ቀዩ ግን ለእግዚአብሔር ስም፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳን ስም፣ ለምእራፍ መጀመሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፉን ላጻፈው ሰው ስም። ማንም ለማማር ብሎ አይደለም፣ አይንህ የት ቆሞ አፍህ በየት በኩል ቀስ እንደሚል የሚነግርህ ቀዩ ነው። አንድ አሮጌ ዳዊት አይቼ ነበር፣ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ ሌላ ስም በላዩ ገብቶበታል፣ የተፋቀው ብራና ሳስቶና ሻክሮ ግን የድሮው ቀይ ከስሩ ደብዘዝ ብሎ ቀርቷል፣ የአዲሱ ሰውዬ ስም ትንሽ ሮዝ የሆነ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ስእሉም እንደዛው ነው፣ መጀመሪያ ይነደፋል፣ ቀለም ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩ መስመር እንደገና ይመጣና አይኑን፣ አፍንጫውን፣ የልብሱን እጥፋት ያወጣዋል። መስመር ቀለም መስመር። የፑሳንና የሩበንስ ጠብ እኛ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

አስተባባሪዋ፦
ወንድማለም ነገሩ ደስ ይላል፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኛ ሀገር ብራና ያልገባበት ፕሮፖዛል የለም። የአብስትራክት ኤግዚቢሽን ብራና፣ የፎቶ ኤግዚቢሽን ብራና። ስፖንሰሮቹም ለምደውታል መሰለኝ።

የብራና ልጅ፦
ለጌጥ ከገባ አውጪው፣ ተስማምቻለሁ። እኔ የምለው እንደ ቅርስ ይጠቀስ አይደለም፣ የስራ ህግ ሆኖ ይግባ ነው። ማለትም ተሳታፊው ቢያንስ አንድ ስራ በሁለት ቀለም ብቻ ይስራ፣ ጥቁርና የመረጠው ሌላ አንድ ቀለም፣ ያም ሁለተኛው ቀለም የት እንደሚገባ ምክንያት ይኑረው። በ120 ቀለም ፓኬት የሚደበቅ ሰው እዛ ላይ ይታያል።

ፓስቴሏ፦
ኧረ ይሄ ጥሩ ነው! ለከሰል ብቻም ይመቸዋል። የደቡብ አፍሪካው ዊሊያም ኬንትሪጅ እኮ የናንተው ሰው ነው፣ በከሰል ይስላል፣ ያጠፋል፣ ያጠፋበት ላይ መልሶ ይስላል፣ ያ ሁሉ የደረቀ ግራጫ ውስጥ ግን አንዳንዴ ሰማያዊ ፓስቴል ያመጣል፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ትንሽ ሰማያዊ ናት ግን ወረቀቱን በሙሉ ታስጠማዋለች።

ከሰል ብቻ፦
ኬንትሪጅን ካነሳሽብኝ ምን እላለሁ፣ ገብቻለሁ። አንድ ሰማያዊ እገዛለሁ።

አዲሷ አባል፦
ይቅርታ እኔ ገና መግባቴ ነው፣ ልጠይቅ። እኔ ያለኝ ስቴሽነሪ የሚሸጠው የተማሪ ከለር እርሳስ ነው፣ በዛ ነው የምሰራው፣ እነዚህ 120 ምናምን የምትሉት ፋበር ካስቴል እዚህ ዋጋው አይቀመስም፣ ሰው ከውጭ ካላመጣልኝም አላገኘውም። በእርሳሱ ጥራት ነው የምትመርጡት?

ፍሬም ሰሪው፦
ልጄ አትስጊ፣ ማንም በማርካ አይመርጥሽም። ግን የምነግራችሁ ነገር ስላለ ሁላችሁም ስሙኝ፣ እስካሁን ስለ ትርጉም ስታወሩ ዝም ብዬ ነበር።

ቀለም ይጠፋል። ዘይት ቅብ የለመደ ሰው ይሄን አያስብም፣ ወረቀት ላይ ግን ርካሽ እርሳስም፣ ማርከርም፣ እስክሪፕቶም ብርሃን ይበላቸዋል። መጀመሪያ የሚሄዱት ሮዝና ሐምራዊ ናቸው፣ ሃይላይተር የሚባለውማ ባይወራ ይሻላል። አንድ ልጅ ስራውን ካፌ ውስጥ መስኮት ፊት ለፊት ሰቅለውለት ኖሮ ለእድሳት ወደኔ ሲያመጣው ሰማዩ ቀርቶ ዛፎቹ ብቻ ነበሩ፣ እኔ መጀመሪያ ሆን ብሎ የተወው ባዶ መስሎኝ ነበር። እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአዲስ አበባ ጸሐይ ከቆላው ይልቅ አልትራቫዮሌቷ ይበረታል።

ለከለር እርሳስ የብርሃን መቋቋም ደረጃ አለ፣ ኤኤስቲኤም ዲ6901 ይባላል፣ ጥሩዎቹ እርሳሶች በየቀለሙ ደረጃቸውን ይነግሯችኋል፣ ውድ ፓኬት ውስጥም ደካማ ቀለም አይጠፋም። የተማሪው እርሳስ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ስለዚህ ራሳችሁ ሞክሩት፦ ያላችሁን ቀለም በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ በረድፍ በረድፍ አስምሩ፣ ግማሹን በፎይል ሸፍኑ፣ ጸሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፉትና እስከ ክረምት ተዉት። ፎይሉን ስታነሱ የቱን እንደምትጥሉ ታውቃላችሁ። ጀማሪዋ ይሄን ካደረገች ውዱን ገዝቶ ዝም ብሎ ከሚሰራው ትበልጣለች።

አዲሷ አባል፦
እሺ ጋሼ ዛሬ ማታ አሰምራለሁ። ሌላም ነገር አለ፣ ጥቁር ቦታ ላይ ደጋግሜ ጫን ብዬ ስሰራ ከቀናት በኋላ ነጭ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ይመጣበታል፣ ወረቀቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ፍሬም ሰሪው፦
ሰሙ ነው። ሰም የበዛበት እርሳስ ሲወፍር ሰሙ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርገሽ ጥረጊው፣ ከዛ ፊክሳቲቭ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጸናውን ፈሳሽ) ስስ አድርገሽ ንፊበት። በዘይት የተሰራ እርሳስ ይሄ ብዙም የለበትም። ፓስቴሏ ግን አንቺ ፊክሳቲቭ ስታበዢ እንዳላይ፣ ያጠቁረዋል፣ ያ የለፋሽበት አረንጓዴ ይቀበርልሻል።

ፓስቴል ያላችሁ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ ማውንት (መሀሉ የተቆረጠ ካርቶን) ወይ ጠርዙ ላይ ስፔሰር (ማራራቂያ ዘንግ) ይደረጋል። ፕላስቲክ መስታወት ቀላል ነው ብላችሁ እንዳታመጡልኝ፣ ስታቲክ አለው፣ ብናኙን ከወረቀቱ እየሳበ ወደ ራሱ ይወስዳል። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሙዚየሞች ለወረቀት ስራ መብራቱን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚይዙት፣ የኛ አዳራሾች በር ከፍተው በጸሐይ ነው የሚያሳዩት፣ ይሄን ፕሮፖዛሉ ላይ ጻፉት።

ከባህር ማዶ፦
ጋሼ 50 ሉክስ እኮ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሰው ሲገባ መብራት ጠፋ እንዴ ይላል። በሩ ላይ ለምን እንደደበዘዘ አንድ መስመር ቢጻፍ ጥሩ ነው። የደካማ ቀለሙን የፎይል ሙከራም ፍሬም አድርገን እንስቀለው ባይ ነኝ፣ ከአንዳንዶቻችን ስራ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም።

አስተባባሪዋ፦
በጣም ጥሩ፣ ይሄን ሁሉ ሰብስቤ መግቢያውን ቀይሬዋለሁ፣ እዩት፦

«ይህ ኤግዚቢሽን ቀለም መስመሩ ብቻውን ሊናገር የማይችለውን ነገር የሚናገርባቸውን የወረቀት ስራዎች ያቀርባል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ሁለት ስራ ያስገባል፣ አንዱ በፈለገው ቀለም፣ ሌላው በጥቁርና በመረጠው አንድ ተጨማሪ ቀለም ብቻ የተሰራ። ጥቁር ራሱ እንደ ቀለም ይቆጠራል። ተሳታፊዎች የተጠቀሙባቸው ቀለማት በብርሃን የተሞከሩ መሆናቸውን ያሳያሉ፣ የሙከራው ወረቀትም ከስራዎቹ ጋር ይሰቀላል።»

የጥቁርና ነጭ ፎቶውን መስፈርት አላደረግኩትም፣ ግን ወርክሾፑ ላይ መልመጃ ይሆናል፣ ከሰል ብቻ አንተ ትመራዋለህ። ፓስቴሏ በመስመር ብቻ ቆዳ መስራት ታሳያለች። የብራና ልጅ የቀዩን ነገር በአንድ ገጽ ጻፍልኝ፣ አንድ ገጽ ብያለሁ። ጋሼ የመስታወቱን ልክ ከእርስዎ ነው የምንወስደው።

ከሰል ብቻ፦
«በብርሃን የተሞከሩ» ካልሽ ጊዜ መስጠት አለብሽ፣ ፎይሉ እስከ ክረምት ከቆየ ኤግዚቢሽኑ እንዳሰብነው ሰኔ ላይ ሊሆን አይችልም።

አስተባባሪዋ፦
ልክ ነህ። ጥቅምት ላይ ላድርገው? አዳራሹን ነገ ደውዬ እጠይቃለሁ፣ ጥቅምት የማይመቻችሁ እስከ ማታ ጻፉ።

ፍሬም ሰሪው፦
ጥቅምት ይሻላል፣ ወረቀትም በክረምት እርጥበት አይሸበሸብም። ግን ስራችሁን ቀደም ብላችሁ አምጡ፣ ዋዜማው ላይ ተደርድራችሁ እንዳትመጡብኝ።