የቀድሞው የሬዲዮ አለቃችን ይመለሱ ወይስ ይቅሩ?

ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ስለ ቀድሞው የፕሮግራም ኃላፊያችን የተነሳው ክርክር ከረር እያለ መጥቷል። አንዱ «እንደሳቸው ያለ የሬዲዮ ሰው በስደት አላየንም» ይላል። ሌላው «ሰው አባረው የጨረሱ ሰውዬ ናቸው፣ ደግመን ጉድ እንዳንሆን» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር ሠርቻለሁ። ከአዋቂውም ከአባራሪውም ማለቴ ነው። ያው አንድ ሰው ናቸው።

ነገሩ ለምን አሁን እንደተነሳ ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። የአሜሪካው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ በዲሴምበር 2023 ለአነስተኛ ኃይል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ማመልከቻ ሲቀበል የማህበራችን ኮሚቴም አስገብቶ ነበር። የግንባታ ፈቃዱ ወጥቷል። ጣቢያው ትንሽ ነው፤ ትልቁ የተፈቀደው ኃይል 100 ዋት ነው፣ ድምፁም ከማሰራጫው ጥቂት ማይል አይርቅም። ቢሆንም የራሳችን ነው። ፈቃዱ የሚቆየው ሦስት ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተገነባ ይሰረዛል። ስለዚህ ኮሚቴው የፕሮግራም ኃላፊ ይፈልጋል፣ እሳቸውን አስቧል፣ አብረናቸው የሠራነውንም «ምን ትላላችሁ?» ብሎናል።

መጀመሪያ ያየሁትን ጥሩ ነገር ልናገር፤ ብዙ ነውና።

ያኔ የአየር ሰዓት ነበር የምንከራየው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በሰው ኤ ኤም ጣቢያ ላይ። እሳቸው በየሳምንቱ ነጭ ወረቀት ላይ ትልቅ ክብ ይስላሉ። ክቡ ያ ሰዓት ነው። ከዚያ በደቂቃ እየቆረጡ ይሸነሽኑታል። ዜና ሰባት ደቂቃ ከተባለ ሰባት ነው። ስምንተኛዋ ደቂቃ ላይ ጣታቸው ከመስታወቱ ጀርባ ይወጣል። የሰዓቱ መዞሪያ ላይ የጣቢያው የጥሪ ምልክት (መለያ ፊደላቱ) እና ፈቃዱ የተሰጠበት ከተማ ስም መነገር አለበት፣ ሕግ ነው። አንዳንዶቻችን «ማን ይሰማዋል?» ብለን እንስቅ ነበር። እሳቸው አይስቁም። ሰዓቱን ብንከራየውም በምንናገረው የሚጠየቀው ባለፈቃዱ ነው፤ ባለፈቃዱ ከተጠየቀ ደግሞ በማግስቱ ውጪ የምንወረወረው እኛ ነን።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ዓምድ ሰዓት ነበር። የዚህ አገር ሰዓት፣ የአዲስ አበባ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር። አዲስ የመጣ ሰው ይሄ ምን ያደርጋል ይላል። እንግዳ ከአዲስ አበባ በስልክ ለማስገባት የሞከረ ግን ያውቀዋል። «ሦስት ሰዓት ላይ እንደውልልዎታለን» ትለዋለህ፤ እሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል፣ አንተ ከቀትር በኋላ ትደውላለህ፣ ተቀይሞ ስልኩን ዘግቶታል። ላይ በላዩ አሜሪካ በማርችና በኖቬምበር ሰዓቱን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። አዲስ አበባ ንቅንቅ አትልም። በምሥራቁ ጠረፍ ላለነው ልዩነቱ ከማርች እስከ ኖቬምበር ሰባት፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ስምንት ሰዓት ነው። ያ ወረቀት ከመጣ በኋላ እንግዳ ጠፍቶብን ዘፈን በዘፈን ላይ መደርደር ቀረ ማለት ይቻላል።

የኤ ኤሙንም ነገር አትርሱት። የዚህ አገር ክረምት ሲገባ አድማጮች «ድምፃችሁ ጠፋ» እያሉ ይደውሉ ነበር፣ ሁሉም ሰው ቴክኒሻኑን ይረግማል። ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ማታ የኤ ኤም ሞገድ ከላይኛው የአየር ንጣፍ እየተመለሰ ሩቅ ስለሚሄድ ሌሎች ጣቢያዎችን ይረብሻል። ስለዚህ ብዙዎቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲዘጉ ይገደዳሉ። በዲሴምበር ፀሐይ ገና በጊዜ ትጠልቃለች። እሳቸው የየወሩን የፀሐይ መጥለቂያ ሰንጠረዥ ይዘው ባለጣቢያው ቢሮ ገቡ፣ የቀን ሰዓት አስቀየሩ። ሌላው ሰው ቢሆን «ማስታወቂያ ጨምሩ» ብሎ ነበር የሚያልፈው።

ከሁሉ በላይ የማደንቅላቸው ግን ገንዘቡን ነው። አንድ ሰው ከፍሎ ቃለ መጠይቅ ሊደረግለት መጣ፤ አድማጭ እንዲያውቅ ግን አልፈለገም። «ከፍለው ከሆነ ተከፍሎበታል ብለን እንናገራለን» አሉት። ሄደ። ስፖንሰር አጣን፣ ግማሹ ሰው ተናደደ። ሕጉ ግን ከሳቸው ጋር ነው፤ የተከፈለበት ነገር ማን እንደከፈለ ሳይነገር አይተላለፍም። በ2021 ደግሞ ኤፍ ሲ ሲ በተከራየ የአየር ሰዓት ላይ የውጭ መንግሥት እጅ ካለበት እንዲጠየቅና እንዲገለጽ ደንብ አውጥቷል። እሳቸው ይህ ሳይመጣ በፊት ነበር «ብሩ ከማን ኪስ ነው?» የሚሉት። የእኛን ፖለቲካ ታውቁታላችሁ። የዚህኛውም የዚያኛውም አፍ ሳንሆን የቆየነው በዚህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ።

ሰውየው ያደጉት በድሮው የመንግሥት ሬዲዮ ቤት ነው። እዚያ አርታኢ ያልፈረመበት ወረቀት ማይክ ፊት አይደርስም። የእኛ ልጆች ደግሞ ጆሯቸውን የከፈቱት በኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ነው፣ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ፤ በኋላም በነሸገር። ጨዋታ፣ ሳቅ፣ ከአድማጭ ጋር መቀላለድ ለነሱ ሬዲዮ ማለት ነው። ለሳቸው ማይክ ላይ መሳቅ አድማጭን መናቅ ነው። አንዲት ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ይጠራል፣ ቀልድ ታውቃለች። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ፣ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ነበር ስቱዲዮ የምትመጣው። አንድ ቀን ወረቀቷን ሁላችንም ፊት በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አሰመሩበትና «ይሄ ሬዲዮ ነው፣ የሠርግ ቤት ወሬ አይደለም» አሏት። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ተራዋን አንብባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። የሄደችው እሷ ብቻም አይደለችም።

ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ቁጣ ይችላል፣ የወር ኪራይ አለበት። በጎ ፈቃደኛ ግን እንቅልፉን ሸጦ ነው የሚመጣው። ይሄን እሳቸው የተረዱት አይመስለኝም።

ደጋፊዎቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። «እሳቸው ሌላ ስቴት ሲሄዱ ፕሮግራሙ ወደቀ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ይላሉ። ለኔ ይህ ምስጋና ሳይሆን ክስ ነው። የእንግዶቹ ስልክ ቁጥር በሳቸው ደብተር ነበር። የድሮ ቅጂዎቹ በሳቸው ኮምፒውተር። ከባለጣቢያው ጋር የሚነጋገሩት እሳቸው ብቻ። ያንን ክብ እንዴት እንደሚሸነሽኑት ለማንም አሳይተው አያውቁም። ሲሄዱ የቀረነው አቅራቢዎች ነበርን፤ ፕሮግራም መሥራት የሚችል ሰው በመካከላችን አልነበረም። የድሮውን እየደጋገምን ጥቂት ቆየን፣ ከዚያ ኪራዩን መክፈልም ተሳነን፣ አበቃ።

አሁን ቁጥሩን እዩልኝ። አነስተኛ ኃይል ኤፍ ኤም ጣቢያ በሳምንት ቢያንስ 36 ሰዓት ማሰራጨት አለበት። እኛ አንድ ሰዓት ነበር የምንሠራው፣ እሱንም እያንዳንዷን መስመር እሳቸው አንብበው። በዚያ አካሄድ 36 ሰዓት አይታሰብም። ወይ ጤናቸው ይሄዳል ወይ ጣቢያው ቀን ሙሉ ዘፈን ያጫውታል። «ማስታወቂያ ያመጡልናል» የምትሉም አላችሁ። ይሄኛው ጣቢያ ንግድ አይደለም፣ ማስታወቂያ አይሸጥም። የረዳውን ድርጅት ማመስገን ይቻላል፤ «ሂዱና ግዙ» ማለት፣ ዋጋ መናገር አይቻልም። የድሮው ችሎታቸው ግማሹ እዚህ አያስፈልግም፤ የድሮው ጉድለታቸው ግን ሙሉ በሙሉ ያስፈራል።

የናንተን ልስማ።

—

ከቴክኒሻኑ፦

እህት ዓለም፣ ስለ ክረምቱ እርግማን በመመስከርሽ እግዜር ይስጥልኝ። ዘመድ ሁሉ ሲሰድበኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ዘለልሽ። እኔ ከሱ ጋር እኩያ ስለሆንኩ አንቱ አልለውም፣ ይቅር በሉኝ። አንድ ቅዳሜ የስልክ ውይይት ላይ አንዱ ደዋይ ያልሆነ ስድብ ለቀቀ። በቀን፣ በቀጥታ ስርጭት። ያኔ ድምፁን ለጥቂት ሰከንድ አዘግይቶ የሚያስቆርጥ መሣሪያ አልነበረንም፣ እጄም ዘገየ። በዚህ አገር ከጠዋቱ 6 እስከ ማታ 10 እንዲህ ያለ ነገር አየር ላይ ቢወጣ መዘዙ የባለፈቃዱ ነው። ባለጣቢያው «ማን ነው ሚክሰሩ ላይ የነበረው?» ብሎ ጠየቀ። እሱ «ኃላፊው እኔ ነኝ» አለ፣ በራሱ ስም ደብዳቤ ጻፈ፣ የኔን ስም አላነሳም። እኔንም ለብቻዬ ጠርቶኝ ሲያበቃ «ሁለተኛ ጣትህን ከቁልፉ አታንሳ» ብቻ ነው ያለኝ። ልጅቷን ሰው ፊት መናገሩ ነውር ነው፣ አልከራከርም። ግን በላይ አለቃ ፊት ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ይሄንንም ኮሚቴው ይስማ።

—

ከዜና አንባቢዎቹ አንዷ፦

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው። እርስዎን ለብቻዎ ጠሩዎት። እኛን ግን ለምን ሰው ፊት? እርስዎ ወንድና እኩያቸው ስለሆኑ ነው ብል ተቆጡኝ። ሴቶቹና ልጆቹ ወረቀታችን ሁሌ በአደባባይ ነበር የሚቀደደው።

ሌላው ደግሞ፣ ሁላችሁም ስለዚያች ልጅ ታወራላችሁ እንጂ አንዳችሁም አልደወላችሁላትም። እኔና እሷ እንገናኛለን። ዛሬ የራሷን ፖድካስት ትሠራለች፣ እያዘጋጀች፣ እየቀዳች፣ እያስተካከለች፣ እንግዳ እየጠራች። የሚሰማት ሰውም አላት። 36 ሰዓት መሙላት የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ እንዲህ ያለ ነው። ኮሚቴው «የቀድሞ ባልደረቦች» ሲል የቀሩትን ብቻ ነው እንዴ የሚጠይቀው? ጥለው የሄዱት ናቸው የሚያውቁት።

—

መልስ፦

ልክ ብለሻል፣ የኔ እህት። ጋሼም ያነሱትን አብሬ አስተላልፋለሁ፤ የደብዳቤውን ነገር እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ለኮሚቴው የምጽፈው እንዲህ ነው። እሳቸው ይምጡ፤ ግን የዜናና የሕግ ጉዳይ አርታኢ ሆነው። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ እንግዳው በስልክ ሳይነገረው አየር ላይ ገብቷል ወይ፣ የጥሪ ምልክቱ ተነግሯል ወይ፣ ይህን ከሳቸው የተሻለ የሚጠብቅ የለም። የፕሮግራም ኃላፊነቱ፣ ማን መቼ ይገባል፣ አዲስ ሰው ማን ያሰለጥናል የሚለው፣ ለሌላ ሰው ይሰጥ። ልጅቷ ከፈለገች ለሷ። በሁለቱ መካከል ክርክር ከተነሳ ቦርዱ ይፍረድ እንጂ እሳቸው የበላይ አይሁኑ። ያንን የክብ ወረቀት ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቢያንስ ለሁለት ሰው ያስተምሩ፣ ይሄ በደብዳቤ ይስፈር። ስልክ ቁጥሩም፣ ቅጂውም፣ ይለፍ ቃሉም የማህበሩ ይሁን።

ይህንን ይቀበላሉ ወይ የሚለውን መገመት ትተን እንጠይቃቸው። ጋሼ፣ እርስዎ እኩያቸው ነዎት፤ እርስዎ ቢደውሉላቸው ይሻላል። አንቺ ደግሞ ለልጅቷ ንገሪያት፤ እሺ ካለች የኮሚቴው ስብሰባ ከመድረሱ በፊት ስሟን አስገባለሁ።