«ከሰጠችን የወሰደችው ይበልጣል»

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
እሁድ ሰንበቴ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ክረምቱን እኛ ጋ ኖራ ስለሄደችው የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ወሬ ተነሳ። ሐምሌንና ነሐሴን ሰው ቤት እያደረች ለልጆቻችን እንግሊዝኛ ስታስተምር ነው የከረመችው። አንዱ ብድግ ብሎ «ከሰጠችን የወሰደችው ይበልጣል» አይል መሰላችሁ! ማንም አልመለሰለትም። እንግዳን ከሄደ በኋላ ማማት ከመቼ ወዲህ ነው የመንዝ ወግ የሆነው? ጭቃውን በእግሯ እያቋረጠች አንድ ቀን ሳትቀር ያስተማረች ልጅ ናት።

እታለም፦
ሰውዬው ልክ ነው። ያደረችው አክስቴ ቤት ነውና እኔ ልንገርህ። ቤቱ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው። እሱን ለቀቀችላትና ከሁለት ልጆቿ ጋር መደብ ላይ ተኛች። በሐምሌ ብርድ! ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ውሃ ታሞቅላታለች፤ ኩበት በክረምት እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ አንተም ታውቃለህ። ፍልሰታ ሲገባ እሷ እየጾመች ለልጅቷ እንቁላል ትጠብሳለች፣ መጥበሻው ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይነካካ ለብቻው እያስቀመጠች። ልጅቷ ላመጣት ድርጅት ብዙ ገንዘብ ከፍላ ነው የመጣችው፣ ራሷ ናት የነገረችን። አክስቴ እጅ የገባው ግን የዘይትና የስኳር እንኳ አልሸፈነም።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ይሄ የድርጅቱ ጥፋት ነው፣ የልጅቷ አይደለም። እኔን ያመመኝ «ወሰደች» የሚለው ቃል ነው። ምን ወሰደች? ስሙን ጥሩልኝ።

ከጣርማ በር፦
ባና ይዛ ሄዳለች ሲባል ሰምቻለሁ። የበግ ጠጉሩ ተነድፎ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባና እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል? ይሄ መውሰድ ካልሆነ ምንድን ነው?

እታለም፦
ባናውን ተዉት! አክስቴ ናት የሰጠቻት። ስትሸኛት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋላት ነው የተመለሰችው። ሰጥተን «ወሰደች» አንልም። እኔን ያቃጠለኝ ፎቶው ነው። ትንሹን የአክስቴን ልጅ ሁለት ጊዜ አንስታዋለች። አንዱ እሁድ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው። ሌላው ከብት ሲያስገባ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ንፍጡ ሳይጠረግ። ለአገሯ ሰው ያሳየችው የቱን ይመስላችኋል? ጭቃውን። የእሁዱን የሚያውቀው አንድም የአገሯ ሰው የለም። የወሰደችው ይሄን ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጆቼ፣ የሰላም ጓዶች፣ ፒስ ኮር የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች፣ መጀመሪያ አገራችን ሲመጡ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ተማሪ ነበርኩ። 280 ገደማ ነበሩ፣ አብዛኞቹ መምህራን፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። እኔን ሒሳብ ያስተማረኝ ሁለት ዓመት ኖረ። ገበያ ወጥቶ በአማርኛ ይከራከር ነበር፣ ጎረቤት ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደርስ ነበር። ያን ሰው «ወሰደ» ብዬ ልናገረው አልችልም። ልዩነቱ ጊዜው ነው። የእነሱ የዛሬ ደንብ መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል ሥልጠና ነው፤ ሰው ቤት እያደሩ ቋንቋ ይማራሉ። ሥራው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነው። በሁለት ወር ማን ማንን ያውቃል?

ከጣርማ በር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። ግን በኋላ «ፒስ ኮር ይውጣ» ብሎ የጮኸው የዚያው ዘመን ተማሪ አይደለም እንዴ?

ጡረተኛ መምህር፦
ጮኸናል፣ እኔም አለሁበት። የጮኽነው በመንግሥታቸው ላይ ነው። መምህሬ ሲሄድ ግን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቼ አልቅሻለሁ።

ከጣርማ በር፦
እሺ፣ የራሳችን ልጆች እያሉ ፈረንጅ ለምን? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያስተምር ነበር። በ1967 ደግሞ በደርጉ የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚሆን ዘማች ገጠር ወረደ።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ዘመቻውን እዚህ አታምጣ። ያ ግዴታ ነበር፣ በጎ ፈቃድ አይደለም። አጎቴ ዘምቷል፣ ሲያወራው ሰምቼ ነው ያደግኩት።

ከጣርማ በር፦
ግዴታም ቢሆን ፊደል አስቆጥሯል። አጎትህን ጠይቀው።

የጓሳ ልጅ፦
ከነገሩ አትውጡ። «ወሰደች» ማለት «ተማረች» ከሆነ እኔ ደስ ይለኛል። የእኛ የሣር ምድር ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማጥናት የሚመጡ አሉ፣ ብርዱን ችለው የሚከርሙ። እነሱ ይጠይቃሉ። አባቶቻችን ጓሳን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀሮ፣ ማለትም ሣሩን በጋራ በሚጠብቁበት ሥርዓት፣ የጠበቁት እንዴት ነው? ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ የሚከፈተው መቼ ነው? እያሉ ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብለው ይጽፋሉ። የክረምቷ ልጅ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። ልታስተምር ብቻ ነው የመጣችው።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
በምን ቋንቋ ትጠይቅ? ሃያ ዓመቷ ነው! አስተርጓሚ እንኳ አልሰጧትም እኮ።

እታለም፦
እንግዲህ ይሄንንም ስሙ። ማታ አክስቴ ደወለችልኝ። ልጅቷ ስልክ ደውላላት «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት፣ በአማርኛ። አክስቴ ስትነግረኝ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር። ለመጪው ክረምት ሌላ ልጅ እንድትቀበል ጠይቀዋት እሺ ብላለች፤ እኔን አላማከረችም። «አልጋስ?» ብላት «ምን ችግር አለው፣ መደቡን ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦
ታዲያ ሁለተኛ አልጋ እናሠራላት። እንጨቱን እኔ አመጣለሁ።

እታለም፦
አልጋውን ማሠራት ያለበት ድርጅቱ ነው፣ አንተ አይደለህም! እኔ እኮ ከመጀመሪያው የምለው ይሄንን ነው።