ክርክር፦ ለሀሰልብላድ የድሮው «ሲ» ፕላናር ወይስ «ሲኤፍ»?

የሠርግ ካሜራ፦ ሰላም ለቤቱ። ሀሰልብላድ 500ሲኤም የፊልም ካሜራ አለኝ፤ ሌንስ ግን የለኝም። 80 ሚሊሜትር ፕላናር የሚባለውን ሌንስ ልገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ከቀድሞው 500ሲ ካሜራ ጋር የጀመረውን «ሲ» ልውሰድ ወይስ በ1982 የተካውን «ሲኤፍ»? ሲው ኪስ አይጎዳም። ያለሁት ፍራንክፈርት ነው፤ በጥር ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ይዤው እገባለሁ። እስቲ ተከራከሩልኝ።

ባለ 120፦ ሲውን ግዛ። ሁለቱም የካርል ዛይስ ናቸው። ኤፍ 8 ላይ (የብርሃን ቀዳዳው ጠበብ ብሎ) የተነሱ ፎቶዎች ደርድረህ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ ለይ ብትለኝ አልችልም። አንተም አትችልም። ልዩነቱን የምትከፍለው ሲኤፉ ላይ ላለው የጎማ ማስተካከያ ቀለበት ነው።

ጥቁርና ነጭ፦ ጋሼ፣ ፀሐዩ ከኋላዎ ከሆነ እስማማለሁ። የጥር ሠርግ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት፣ ሙሽራዋ በነጭ፣ አጃቢው ሁሉ ነጭ ነጠላ። የመጀመሪያዎቹ ሲዎች ብርጭቋቸው ላይ ያለው ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን አንድ ንብርብር ነው። ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ ይንጸባረቅና የሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ግራጫ ይሆናል። ሲኤፍ ግን ቲ ስታር የሚባለው ባለብዙ ንብርብር ሽፋን አለው።

ባለ 120፦ ሁድ (የፀሐይ መከለያ) ይግጠምበታ! ደግሞ ቲ ስታር የሲኤፍ ብቻ አይደለም፤ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። ኋላ የወጡት ጥቁር ሲዎች ፊታቸው ላይ በቀይ ተጽፎባቸዋል። እነሱን የሚያህል ግዢ የለም።

ሌንስ ፈታቹ፦ እናንተ ስለ መስታወት ትጨቃጨቃላችሁ፤ እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣው ግን ሹተር፣ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል ነው። የዚህ ካሜራ ሹተር ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው። የሲው ኮምፑር ነው፣ የሲኤፉ ፕሮንቶር። የኮምፑር መለዋወጫ መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ ዋናው ስፕሪንግ ከተሰበረ ሌላ ሌንስ አርደህ ነው የምትጠግነው። የፕሮንቶሩ ይሻላል። ሲ የሚገዛ ሰው 1 ሰከንድ ላይ ያድርገውና ጆሮውን ያስጠጋ። ከተንቀራፈፈ ወይም መሃል ላይ ከቆመ ዘይቱ ደርቋል ማለት ነው። ያኔ የጥገናውን ሒሳብ ደምሩበትና ርካሽነቱን ንገሩኝ። «ቪ» የሚለውን ሰልፍ ታይመር ደግሞ ጭራሽ እንዳትነኩት። ያረጀ ሹተር እዚያው ተይዞ ይቀራል።

ጥቁርና ነጭ፦ ሌላም አለ። ሲው ላይ አፐርቸሩና (የብርሃን ቀዳዳው) የሹተሩ ፍጥነት ተያይዘው ነው የሚዞሩት። አንዱን ለብቻው ለመቀየር ትንሿን ምላስ መጫን ግድ ነው። ሙሽሮች ከመኪና እየወረዱ ይሄን ማን ይችለዋል? ሲኤፍ ላይ ካልፈለግክ አይያያዙም።

ባለ 120፦ እሱማ ጥቅሙ ነው! ብርሃኑን አንዴ ለክተህ ካስተካከልክ፣ አፐርቸሩን ስታጠብ ፍጥነቱ ራሱ ይከተልሃል። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ የማታማርሩት የለም።

ቅዳሜ ፊልም፦ ፊልተርም አስቡ። 80 ሲ የሚቀበለው ባዮኔት 50 የሚባለውን የፊልተር መግጠሚያ መጠን ነው፣ ሲኤፉ 60። የአንዱ ሁድ ለሌላው አይሆንም። የምትገዛው 150 ሚሊሜትሩ ሶናር ሌንስ ቢሆን ኖሮ እኔም ያለ ብዙ ሐሳብ ሲ እል ነበር፤ 5 ብርጭቆ በ3 ቡድን ብቻ ስለሆነ ብርሃን የሚንጸባረቅበት ገጽ ትንሽ ነው። 50 ሚሊሜትሩ ዲስታጎን ሌንስ ላይ ግን ሲኤፍ ነው፣ አልደራደርም። ኤፍኤልኢ የሚባለው ሲኤፍ ውስጡ እንደገና ነው የተነደፈው፤ ለቅርብ ርቀት ለብቻው የሚስተካከል የብርጭቆ ክፍል አለው። እዚያ ላይ የጎማ ቀለበት ወሬ አይሠራም፣ ጋሼ።

የሠርግ ካሜራ፦ እዚህ አንድ ሱቅ ጥቁር ቲ ስታር ሲ አለ። ሹተሩ ባለፈው ዓመት ተፈትቶ ታጥቧል፣ ደረሰኝም አለው። በትንሽ ጭማሪ ሲኤፍ ይሰጡኛል፤ የሱ ታሪክ ግን አይታወቅም።

ሌንስ ፈታቹ፦ ደረሰኝ ያለውን።

ጥቁርና ነጭ፦ እኔ አሁንም ሲኤፍ ነው የምለው፤ ታሪኩ ባይታወቅም መለዋወጫው ይገኛል። ሲውን ከወሰድክ ግን ከመሳፈርህ በፊት አንድ ሮል ፀሐይ ላይ ጨርስና አሳጥበህ እየው።