ሰርቨር 2019 ከሰርቨር 2003 ጋር አልገናኝ ብሎኛል፤ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ካለው ማሽን ሆኜ ሰርቨር 2003 ላይ ያለውን የጋራ ፎልደር መክፈት አልቻልኩም። ፒንግ ሳደርግ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ በቴልኔት ፖርት 445ን (የፋይል መጋሪያውን በር) ስሞክርም ይከፈታል። ስለዚህ ኬብሉም ፋየርዎሉም ደህና ናቸው። ፎልደሩን ስነካው ግን ኤስኤምቢ 1 (የድሮው የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል) ያስፈልጋል የሚል መልእክት ይመጣል። አሮጌው ከዚያ ሌላ አያውቅም፤ አዲሱ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልተጫነም። ልጫነው ብዬ ጀምሬ እጄን ሰበሰብኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተሰራጨው በዚሁ ፕሮቶኮል ክፍተት ስለነበር በጣም ያስፈራኛል። አሮጌውን ማሽን አሁን መቀየር አይቻልም፤ የሂሳብ ፕሮግራሙ ሌላ ላይ አይሠራም። ፋይሎቹ ግን ማታ ማታ ወደ አዲሱ መቀዳት አለባቸው። በኤፍቲፒ (በሌላ የፋይል ማስተላለፊያ መንገድ) ላውጣቸው ወይስ መሃል ላይ ሌላ ማሽን ላስገባ? እባካችሁ፣ የገጠማችሁ ካላችሁ እንዴት እንደፈታችሁት ንገሩኝ።